የምስጋና ዘፈን ያጋለው ስልክ

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ድንበሩ ስለ ራሳቸው የምስጋና ዘፈን አዘፍነው፣ ከጧት ጀምሮ በስልካቸው ሲያሰሙ ይውሉ ነበር። በዘፈኑ ስማቸው በተጠራ ቁጥር ሰው ሁሉ እንዲያጨበጭብም ደንብ አወጡ። ስልኩ ግን ቀኑ ሳይጋመስ እንደ ፍም ይግልና ባትሪው ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን በስብሰባ መሃል፣ ዘፈኑ ስማቸውን ሊጠራ ሲል ስልኩ ጠፋ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አስተዳዳሪው ተናደው ስልክ ጠጋኙን አስጠሩት።

«ስማ አንተ፣» አሉት በሕዝቡ ፊት፤ «ስልኩ ተበላሽቷል ካልክ፣ እኔ ራሴ የመረጥኩትን ዕቃ መናቅህ ነው። ዘፈኑ ነው ካልክ ደግሞ እኔን መስደብህ ነው። በሁለቱም ሱቅህ ይታሸጋል። በል ተናገር፤ ለምንድን ነው የሚግለው?»

ጠጋኙ ስልኩን ከእጅ እጅ እያገላበጠ ካበረደው በኋላ መለሰ።

«ክቡርነትዎ፣ ስልኩም ዘፈኑም ጤነኛ ናቸው። አዝማሪ እንኳ ሲያወድስ በመሃል ጠጁን ይጎነጫል፤ ይህ ምስኪን ግን ትንፋሽ የሚሰበስብበት ጊዜ አላገኘም። እኛም ስናጨበጭብልዎ እየዋልን እጃችን እንዲሁ ይግላል። ልዩነታችን፣ እሱ ሲታክተው ዝም ማለት መቻሉ ብቻ ነው።»