የጋሽ አሰጋኸኝ ገመድ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ውቅር አምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ከሥሯ የጥንት ሰዎች ከጦር ሊሸሸጉበትና እህል ሊያከማቹበት የፈለፈሉት ዋሻ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ ተጠላልፎ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሰው ግን ምን ቸገረው! አንዱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሌላው የቤት መሠረት ያወጣል፤ ከዚያ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይከዳውና ከነዶማው ይሰምጣል።

እንዲህ የሰመጠውን ሁሉ ሲያወጡ የኖሩ ጋሽ አሰጋኸኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እርጅና ሲጫናቸው የከተማውን ወጣቶች ሰብስበው ማሠልጠን ጀመሩ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው «አዳኝ ሁለተኛ ሟች አይሁን» የሚል ነው። ያለ ገመድ፣ ጣሪያውም በእንጨት ሳይደገፍ፣ ማንም አይገባም። ይህን እንደ ዳዊት ያስደግሟቸው ነበር። ለልምምዱ ጭድ የሞላ ጆንያ ዋሻው ውስጥ ደብቆ ማስፈለግ ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን «ጆንያ የሚፈልግ ሰው ልቡን ሰጥቶ አይፈልግም» ይሉና ራሳቸው ገብተው ይተኛሉ። ተኝተውም አያርፉም። «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ እግሬን!» እያሉ ሲጮሁ ሠልጣኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከሠልጣኞቹ ሦስቱ ይበልጡ ነበር። የሻረግ ጠንቃቃ ናት፤ እሷ የቋጠረችውን ገመድ ሌላ ሰው ዳግመኛ መፈተሽ አያስፈልገውም። ዘርጋው ቀጭን ነው፤ ድመት ባለፈችበት ያልፋል። ጥላዬ ግንበኛ ነው፤ የትኛው ቤት በየትኛው የዋሻ ክፍል ላይ እንደተሠራ ጠንቅቆ ያውቃል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ አሰጋኸኝ የዘመናት ገመዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ የዛሬው የመጨረሻዬ ነው። ዛሬ እኔን ያወጣ ይህን ገመድ ይወስዳል፣ በእኔም ቦታ ይቆማል» አሉና ለባለቤታቸው ለእትዬ ደብሪቱ ሰጥተው ወደ ዋሻው ገቡ።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ አንድ ነገር ድም አለ። ተከትሎም «ኧረ የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሦስቱም ሳቁ። «ዛሬስ ድንጋይም እያንከባለሉ ነው» አለ ዘርጋው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ሳቃቸው የደረቀው አቧራው ከዋሻው አፍ ሲወጣ ነው። ለካስ ዝናብ ያራሰው የአንድ ቤት ጉድጓድ የዋሻውን ጣሪያ ንዶታል፤ ጋሽ አሰጋኸኝም ከናዳው ወዲያ ቀርተዋል። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ሦስቱንም ታንገበግባቸዋለች።

የሻረግ የዋሻውን አፍ ዘግታ ቆመች። ሌሎቹ ሠልጣኞች ዘለው ሊገቡ ሲሉ ገመዳቸውን ነጥቃ ተቀመጠችበት።

«እንጨት ይምጣ! ሳይደገፍ አንድም ሰው አይገባም!»

«የሻረግ፣ ጋሼ ስምሽን እየጠሩ እኮ ነው!»

«እሰማለሁ። እንጨት አምጡ።»

አንዱ «ፈሪ ለእናቱ!» ብሎ ሰደባት። ንቅንቅ አላለችም። እንጨቱ እየተጎተተ ሳለ ሁለተኛ ናዳ ወረደና ልጆቹ ሊገቡበት የነበረውን መተላለፊያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ለቃቸው ቢሆን ኖሮ ከተማው በማግስቱ ስንት የለቅሶ ድንኳን እንደሚተክል እናንተው ገምቱ።

ዘርጋው ግን የሻረግ በሩን ሳትይዝ በፊት ሾልኮ ገብቶ ነበር። ገመዱ መንገድ ላይ አልቆበት ፈታው፤ በድንጋዮቹ መሐል በደረቱ እየተሳበ ደረሰ። ጋሽ አሰጋኸኝን ከወገባቸው በታች ድንጋይ ተጭኗቸዋል።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ዘርጋው።»

«ገመድህስ?»

«አልደርስ ሲለኝ ፈታሁት።»

«አንተ ደንቆሮ! ምን ነበር ያስተማርኩህ?» ብለው ባላቸው አቅም ተቆጡት። ቁጣው ሲያልቅ በጨለማው ውስጥ እጁን ዳብሰው ያዙ። «እሰይ መጣህ» አሉት ቀስ ብለው። «እንዳትለቀኝ።» ወዲያው ሁለተኛው ናዳ ከኋላው መንገዱን ዘጋ። ዘርጋው የእሳቸው እጅ ከላላ በኋላም አልለቀቀም።

ጥላዬ ጭራሽ በዋሻው አፍ ልግባ አላለም። ድጅኖውን ይዞ ጋሽ አሰጋኸኝ ካሉበት በላይ ወደተሠራው የአክስቱ ቤት በረረ፣ አልጋዋን ገፍቶ ወለሉን መደርመስ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ቤቴን!» ብላ ጮኸች።

«አክስቴ፣ ከሥር ሰው አለ!»

አክስቱ ይህን ስትሰማ አካፋ አንሥታ አፈሩን መዛቅ ጀመረች። ወለሉ ሲበሳ ዘርጋውን በሕይወት ጎትተው አወጡት። ጋሽ አሰጋኸኝንም አወጧቸው፤ ገላቸው ገና ሞቃት ነበር፣ ትንፋሽ ግን የለም። ቤቱ ተሰንጥቆ በሳምንቱ ወደቀና አክስቱ ክረምቱን በሰው ቤት ገፋች።

ከቀብር በኋላ የሰው አፍ መቼ ሥራ ይፈታል? አንዱ «ሁለተኛውን ናዳ ያመጣው የዘርጋው መሳብ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ የጥላዬ ድጅኖ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የሻረግ ባትከለክል ኖሮ እኮ ከናዳው በፊት ይደረስላቸው ነበር» አለ። እውነቱን የሚያውቀው ድንጋዩ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ አይመሰክርም።

የአርባቸው ዕለት እትዬ ደብሪቱ ሦስቱን ጠርተው ገመዱን ፊታቸው አስቀመጡ። «አደራ ነው፤ ውሰዱልኝ» አሉ።

የሻረግ ገመዱን ወደ ዘርጋው ገፋ አድርጋ «ስሜን እየጠሩ አልሄድኩም። የሄደው ዘርጋው ነው፣ ለእሱ ይሁን» አለች።

«እኔ ቃላቸውን አፍርሼ ነው የገባሁት። ማን ያውቃል፣ ያን ድንጋይ የነካሁትም እኔ እሆናለሁ» አለ ዘርጋው። «እኔን ከሞት ያወጣኝ ጥላዬ ነው።»

ጥላዬ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ያወጣሁት የእሳቸውን ሬሳ ነው። ያን ሁሉ ልጅ ለእናቱ ያተረፈች የሻረግ ናት።»

እትዬ ደብሪቱ ሦስቱንም እያዩ አለቀሱ። «እናንተ እምቢ እምቢ ስትባባሉ ገመዱ ይበሰብሳል፤ ዝናቡ እንደሆነ አልቆመም» አሉ።

አፋቸው ሳይዘጋ ጭቃ በጭቃ የሆነ ሰው በሩን በርግዶ ገባ። «ኧረ ድረሱልኝ! ባለቤቴ ከነማድቤቱ ሰመጠች! ድምጿ ይሰማኛል!»

ሦስቱም ብድግ አሉ። ሦስቱም ገመዱን አዩት፣ እርስ በርስም ተያዩ። አንድ ሰው ቀድሞ ያዘዘ እንደሆነ ሌሎቹ ይታዘዛሉ፤ ያ አንድ ሰው ግን አልተሾመም።

እንግዲህ እናንተ የምትሰሙኝ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። መጀመሪያ ልጃችሁ ከዋሻው አፍ ቆሞ ልግባ ልግባ እያለ እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡ። ቀጥሎ ከድንጋዩ ሥር ሆናችሁ፣ በጨለማ እጃችሁን ዘርግታችሁ አስቡ። ደግሞም ወለሉ የሚፈርሰው ቤት የእናንተ እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡ። ሰውየው ገና በር ላይ ቆሞ ድረሱልኝ እያለ ነው። ገመዱ የሚገባው ለማን ነው?