የባሕር ማዶ ወንፈል

አንድ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረ። ሰዎቹ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ ያሰግሩ ነበር። ታዲያ እርሻ ለማስፋት ሲሉ የዳሩን ደንገል በየዓመቱ ጨፈጨፉት። ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ደንገል ሥር መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። መረቡ ባዶውን መውጣት ሲጀምር ሁሉም ሐይቁን ይወቅስ ጀመር።

በዚህ መሀል በአቅራቢያው ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲና አንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መንደሩ መጡ። መምህራኑና ተማሪዎቹ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ውሃውንም መረመሩ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡና ከመንደሩ ሰው ጋር ደንገሉን መልሰው ተከሉ። መንደሩም ዓሣ በሚራባበት ወቅት መረብ እንዳይጣል ወሰነ። ትምህርት ያቋረጡ ልጆች ወደ ትምህርት ገበታቸው ተመለሱ። ባል የሞተባቸው የእትዬ አንጓች ብቸኛ ልጅ ስንዱ ደግሞ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የውሃ ትምህርት ተምራ ተመረቀች። ዓመታት አልፈው ዓሣው ሲመለስ መንደሩ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

እንግዶቹ ሊሰናበቱ ሲሉ በግ ታረደ፣ የመንደሩ ሽማግሌም ተነሥተው መረቋቸው። ይሄኔ እትዬ አንጓች፣

«እንዲህማ አይሆንም» አሉ። «ደቦ ቢሆን አብልቶ መሸኘት ይበቃ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ ውለዋል። ይሄ ወንፈል ነው። ወንፈል ደግሞ ለሠራልህ ሰው ተራህን ሄደህ ስትሠራለት ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ፣ ባሕር ተሻግረሽ ልታርሚላቸው ነው?»

እኔ ብሆን ጥብሴን እየበላሁ ዝም እል ነበር። እትዬ አንጓች ግን ከባሕር ማዶ ወደመጣው መምህር ዞሩ። «ለመሆኑ በእናንተ አገር የታመመ ውሃ የለም?»

መምህሩ ብዙ አገር ዞሯል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። በተማራት አማርኛ ቀስ ብሎ መለሰ። «አለ። በከተማችን መሀል የሚያልፈውን ወንዝ ዳርና ዳሩን በሲሚንቶ ገንብተን ዓሣውን አጠፋነው። አሁን አፍርሰን እንደገና ልንተክል ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስንዱ አብራን ብትሠራ በወደድን ነበር።»

እትዬ አንጓች ልጃቸው ተመርቃ ቤቷ የምትገባበትን ቀን ሲናፍቁ ነው የኖሩት። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ «ይተዉት እትዬ፣ በጉ ይበቃቸዋል» አለቻቸው። ስንዱም «እማዬ፣ ብቻሽን ልትቀሪ ነው እኮ» አለች።

«ብቻዬን እቀራለሁ። ወንፈል እንመልስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደርሶ ቤቴን ሲነካ ቃሌን አላጥፍም። ሠርተሽ ነይ።»

ስንዱ ሄደች። እናቷን ጎረቤቱ እየተፈራረቀ ሲጠይቃቸው፣ ዓሣም ሲያመጣላቸው ከረመ። ሥራው መልክ ሲይዝ ስንዱ ተመለሰች፤ መምህሩና አዳዲስ ተማሪዎችም ተከትለዋት መጡ። ሽማግሌው ሊቀበሏቸው ወጥተው «ደግሞ በምን ልትረዱን መጣችሁ?» አሏቸው።

«ልንረዳችሁ አይደለም አባቴ» አለ መምህሩ። «ስንዱ ወንዛችን ውስጥ ስትለፋ ከርማለች። አሁን ተራው የእኛ ነው።»

እትዬ አንጓች ልጃቸውን እንዳቀፉ አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ መንደር እንግዶቹን «ረጂዎች» ብሎ የጠራቸው የለም፤ «ወንፈለኞቻችን» ነው የሚሏቸው።

ለተደረገልን ነገር ማመስገን ደግ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ምስጋና ግን የረዳንን ሰው «አንተስ ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ሄዶ አብሮ መሥራት ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው አንገቱን እየደፋ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ የሆነም እውነተኛ ወዳጅ ሳያገኝ ይቀራል። እናንተስ፣ አንድ ቀን ደግፎ ያቆማችሁን ሰው ምን እንደጎደለው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?