ጽዋ ደጅ አይጠናም

አንድ ጡረተኛ ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር ሲነዳ፣ አገር ላገር መንገድ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እንዳንተው ሁለት ሥራ ብቻ ቀረው፤ ጠዋት ዳዊት መድገም፣ ቀን ከሬዲዮ ጋር መጣላት። ጥያቄህን የረሳሁት እንዳይመስልህ። «አባ፣ ይህን ያህል እየጸለይን ስለ ምን ሰላም ራቀን?» ነው ያልከኝ። እንግዲህ አድምጥ፤ አንተ ስትናገር እኔ አላቋረጥኩህም።

ይህ ሰው የሩፋኤል ማኅበርተኛ ነበረ። የማኅበርን ወግ ታውቃለህ። ወር በገባ በዐሥራ ሦስት፣ በዓመትም በጳጉሜን ሩፋኤል ባንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ ጠላው ባንድ ጽዋ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ የቀሩት እየዘመሩ እስከ ቤቱ ይሸኙታል።

አንድ ወር ተራው የጡረተኛው ሆነ። ጽዋውን የሚቀበለው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ልብስ ሰፊ፣ የወጣትነት ጓደኛውና አበልጁ ነበረ። በዚያ ቀን ጡረተኛው አንድ ስሕተት ሠራ፤ ዜና እንዳያመልጠው ብሎ ሬዲዮኑን ከመሶቡ አጠገብ ክፍት ተወው። ጽዋው ገና በመዞር ላይ ሳለ የጦርነቱ ዜና ጀመረ። ጡረተኛው «እሰይ! መንግሥት ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ልብስ ሰፊው «ሰው እየሞተ እሰይ ይባላል?» አለ። ቃል ቃልን ወለደ። ሌሎቹም ግራና ቀኝ ሆነው ገቡበት። ካህኑ «ኧረ ስለ ሩፋኤል!» ቢል ማን ሰምቶት። በመጨረሻ ጡረተኛው ከመቀመጫው ተነሣና፣ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር ባንድ ጽዋ አልጠጣም» አለው።

ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከታትለው ወጡ። ጽዋው ተረካቢ አጥቶ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ አልተሰበሰበም። ጡረተኛው ጽዋውን ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና መጠበቅ ጀመረ። ወር በገባ በዐሥራ ሦስት ቤቱን ያስጠርጋል፣ ጠላ ያስጠምቃል፣ ነጠላውን አጣፍቶ ለብሶ ደጅ ደጁን ሲያይ ይውላል። ባለቤቱ «ሂድና ስጠው እንጂ» ስትለው፣ «ተረኛ መጥቶ ይቀበላል እንጂ ጽዋ ደጅ አይጠናም» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሷም ጥቂት ወራት ታግሣ፣ ኋላ «ለማን ብዬ ልጥመቅ?» ብላ ጋኑን ደፋችው።

ሰውየው ግን ናፈቀ። ናፍቆት ገደለው ብል ይቀለኛል። የልብስ ሰፊውን ሳል ናፈቀ፤ ጽዋ ሲሸኙ ከሰው ሁሉ ቀድሞ መዝሙር ውስጥ ይገባ የነበረውን ጎርናና ድምፁን ናፈቀ። የስፌት መኪናው ከማዶ ሲንኳኳ ይሰማል። የሰማ ለት ምሳውን ይበላል፤ ያልሰማ ለት እህል አይወርድለትም። ጠዋት ዳዊቱን ደግሞ ሲጨርስ «ጌታ ሆይ፣ ሕዝብህን አስታርቅ» ይላል። ቀና ሲል ጽዋው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

እንዲህ እያለ ክረምት በክረምት ላይ አለፈ። በአንዱ ጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ጣለ። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነውና ልጅ አዋቂው ሊጠመቅ ወጣ። ጡረተኛው በመስኮት ቢያይ ልብስ ሰፊው በልጁ ሚስት ተደግፎ ደጁ ላይ ቆሟል። አርጅቷል። ያ ሰፊ ትከሻው የለም። ፊቱን ለዝናቡ ሰጥቶ ትንሽ ቆየና፣ እያነከሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጡረተኛው ያን ጊዜ ወጉን ተወው። ጽዋውን አውርዶ ጨርቁን ፈታ። ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ባዶውን በሁለት እጁ ይዞ በዝናብ ወጣ። አገር ላገር መንገድ የጠረገው ሰው ይህችን የሰፈር መንገድ ለመሻገር ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀ። በሩን በክርኑ መታ። የሚከፍት እስኪመጣ ቆሞ ሳለ ዝናቡ ጽዋው ውስጥ ይወርድ ነበር።

የከፈተለት ልብስ ሰፊው ራሱ ነው። ተያዩ። ጡረተኛው «አፌን ይቅር በለው። ጽዋውንም ባዶውን ነው ያመጣሁት» አለ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ወደ ጽዋው አየ።

«ምኑ ባዶ ነው? ሩፋኤል ቀድቶበታል። በል ግባ፣ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ» አለው።

ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጡረተኛው ግራ ቢገባው የልብስ ሰፊው ምራት፣ «ጋሼ፣ አባባ ወር በገባ በዐሥራ ሦስትም ሆነ በጳጉሜን ሩፋኤል ሳያስጋግሩኝ ቀርተው አያውቁም። ‹ተረኛው እኔ ነኝ፤ ጽዋው ሲመጣ ቤቴ ባዶ እንዳይሆን› ይላሉ። ሲመሽ ለነዳያን እንሰጠዋለን» አለችው።

«ታዲያ ምነው ሳትመጣ?» አለ ጡረተኛው።

«ጽዋ ሲሰጡህ ትቀበላለህ እንጂ ሰው ቤት ሄደህ አምጡ ትላለህ? ወግ አይደለማ!» አለው።

አባታችን ሆይ ብለው ድፎውን ቆረሱ፤ የዝናቡንም ውኃ ባንድ ጽዋ ተቀባብለው ጠጡ። ከዚያ ጡረተኛው «ካንተ ቀጥሎ ተረኛው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ስም ጠራ። ያ ሰው ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ፣ ላለመተያየት ጀርባ ተሰጣጥተው። ያኔ ነው ያለቀሱት።

እንግዲህ ወዳንተ ልመለስ፣ ልጄ። ሸብተህም ለኔ ልጄ ነህ። ስለ መንግሥታት ከጠየቅከኝ አላውቅም፤ ስንቱን ተቀብዬ ስንቱን ሸኘሁ፣ አንዱም አላማከረኝ። ያን ጡረተኛ ግን አውቀዋለሁ፤ አንተ ነህ። ሰላም ከሰማይ እስኪወርድ አንጋጠህ ትጠብቃለህ፤ ያንተ ድርሻ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥንህ ላይ ነው። ታናሽ ወንድምህ ከገበያው ጀርባ ነው የሚኖረው። በምርጫው ሰሞን ምን ብለህ ከቤትህ እንዳስወጣኸው አንተው ነግረኸኛል። በመጣህ ቁጥርም «ታናሹ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ» ትለኛለህ። ልክ ነህ፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሱም «ያባረረኝ ይጥራኝ» ብሎ ተቀምጦ ይሆናል፤ እሱም ልክ ነው። ሁለታችሁም ልክ እንደሆናችሁ አንዳችሁ ሌላውን ትቀብራላችሁ።

በል ተነሥ። መስቀሌን አሁን አታገኝም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» የምልህ ሁለት ሆናችሁ ስትመጡ ነው።