መሬት አይዋሽም

አንድ ቀን አቶ ዘርይሁን የሚባል የጤና ሥራ ገምጋሚ ከዞን ተነሥቶ ወደ አንዲት የቆላ ጎጥ መጣ። የጎጧ ሰው በሙሉ ሽንት ቤት ሠርቶ እንደሚጠቀም ከተረጋገጠ የቧንቧ ውሃ ይገባላታል፤ አንድ ቤት ከጎደለ ግን ውሃው ለማዶ ጎጥ ሰዎች ይሰጣል ተብሏል። ከወንዝ መቅዳት ወገባቸውን የቆረጣቸው ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ከኋላው ይከተሉታል።

አቶ ዘርይሁን የሰው አፍ የሚያምን ሰው አይደለም። ሽንት ቤቱን ትቶ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ያያል፤ መንገዱ ከተረገጠ ቤተሰቡ ያልፋል፣ ካልተረገጠ ይወድቃል። «ሰው ይዋሻል፣ መሬት አይዋሽም» ይላል በየደጁ።

የመጨረሻው ቤት የደምለው ነበር። ሽንት ቤቱ ያምራል፤ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ፣ በር ተገጥሞለት፣ ጉድጓዱ ክዳን አለው። ችግሩ ደምለው ሠርቶ ሲጨርስ እጅግ ወደደውና ማንም እንዳያበላሽበት ብሎ መግባት መከልከሉ ነው። እሱም እንደ ልማዱ ወደ ጫካው ይወርዳል።

«ትጠቀሙበታላችሁ?» አለ አቶ ዘርይሁን።

«እንዴታ ጌታዬ።»

«ታዲያ መንገዱ ላይ ይህን ሁሉ ሣር ማን አበቀለው? በክንፍ ነው የምትሄዱት?»

ደምለው ወደ ሣሩ ዞሮ አየ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አቶ ደምለው» ብሎ ገምጋሚው እስክሪብቶውን አወጣ።

ውሃው በደምለው ሣር ሊቀር ነው፤ ጎረቤት ይቅርና ሚስቱም ዕድሜ ልኳን አትለቀውም። አፍሮ አንገቱን ሲደፋ ዓይኑ የገምጋሚው ጫማ ላይ አረፈ። ጭቃው ላይ የተወውንም ዱካ አየ፤ ይህን ዱካ ጠዋት ሌላ ቦታ አይቶታል።

«ጌታዬ፣ መሬት አይዋሽም አሉኝ?»

«አይዋሽም።»

«በማንም ላይ?»

«በማንም ላይ።»

«እንግዲያው እማሽላዬ ጥግ ድረስ ይምጡልኝ።»

የገምጋሚው መኪና የቆመው እዚያው ነው። ሌሊት ዘንቦ ስላደረ መሬቱ እርጥብ ነው። ከመኪናው በር የተነሣ የጫማ ዱካ በቀጥታ ማሽላው ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ ወጥቷል። በጎጧ ያለው ሰው ሁሉ ከጎማ የተሠራ በርባሶ ነው የሚጫማው። ሴቶቹ ዱካውን አዩ፣ ቀጥለው የገምጋሚውን እግር አዩ። እሱም አንዱን ጫማ በሌላው ለመሸፈን ሞከረ።

«መንገዱ ረጅም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ ጌታዬ፣ ሰው ነዎት። የኔም ሣር እንዳለ ነው፣ አልክድም። ብቻ ሲጽፉ ሁለታችንንም አብረው ይጻፉን» አለ ደምለው።

አቶ ዘርይሁን እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያም ሣሩን እየረገጠ ሄዶ ወደ ደምለው ሽንት ቤት ገባ። ሲወጣ፣ «መንገዱን ጀምሬላችኋለሁ፤ በወሩ ስመለስ ሰፍቶ ላግኘው፣ እስከዚያ ውሃው የትም አይሄድም» አለ።