የዋንዛው ትምህርት ቤት

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝና ልቀጥል።

በአንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ የእንስሳት ትምህርት ቤት ነበረ። ንብ ከላይ ስለ አበባው ታስተምራለች፤ ጃርት ከታች ስለ ሥሩ ያስተምራል። የጃርት ተማሪዎች ሥሩን እየቀመሱ ስለሚማሩ ከክፍል ቀርተው አያውቁም።

አንድ ዓመት አበባው ሳሳ። ንብ ወደ ታች ወርዳ፣ «ጋሽ ጃርት፣ ዛፋችንን ምን ነካው?» አለችው።

ጃርት ማኘኩን ሳያቋርጥ፣ «አበባ የተማረ ጠይቂ፤ እኔ የማውቀው ሥር ነው» አላት።

ንብም «እውነቱን ነው» ብላ ተመለሰችና «አበባ ለምን ይሳሳል» የሚል አዲስ ትምህርት ጀመረች።

አንድ ቀን ነፋስ ሲነሳ ዋንዛው ተገነደሰ። ያን ጊዜ ጃርት አበባውን፣ ንብም የተጋጠውን ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ጥላ ፈልገን እንብላ።