አሜን ላይ ያልደረሰው ጸሎት

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰላም አጣ። እንዲህ ያለ ነገር በጅብ አገር ተሰምቶ አይታወቅም! አንድ በሬ ከነቀንዱ ጨርሶ ጋደም ሲል፣ «ነገስ?» የምትል ሐሳብ ትመጣበታለች። «ነገ ከብቱ ሁሉ ክንፍ አውጥቶ ቢበርስ? አጥንት ሁሉ እንደ ገንፎ ቢላላስ? ጥርሴ ጥሎኝ ቢሰደድስ?» እያለ ይገላበጣል። ከመገላበጡ ብዛት የዋሻው ወለል ጎደጎደና ከገዛ መኝታው ለመውጣት መዝለል ግድ ሆነበት።

ጎረቤቱ እመት ቀበሮ በማቃሰቱ እንቅልፍ ብታጣ መላ ዘየደች።

«አያ ጅቦ፣ የደብሩን ውሃ የምትቀዳውን እመት አህዪትን አይተሃታል? ጠዋት ተመስገን፣ ማታ ተመስገን! ሰላም ሞልቶ ተርፏታል።»

«የት ነው የምታስቀምጠው?» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ከጉበቷ ጎን ነው አሉ። እሷን ዋጥ ካደረግህ ሰላሟም አብሮ ይገባልሃል። ለእኔ ጆሮዋን ብትተውልኝ ይበቃኛል።»

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው። ምክሩ ጣመውና ሮጠ።

እመት አህዪት ከደብሩ በታች፣ ከወይራው ሥር፣ ጭዷን ሳትቀምስ በፊት አንገቷን ደፍታ እየጸለየች ነበር።

«ሰላምሽን ልበላ መጥቻለሁ» አላት ጅቦ። «በክፉ አትዪው፤ ጉዳዬ ከጉበትሽ ጋር ነው። ደግሞም ባለፈው ጥላሽ ጥላዬን ረግጦታል!»

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች አህዪት። ግን ወደ ወይራው ግንድ ተጠጋች፤ ሞት መቼ ይለመዳል! «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ሰላም ያለ ጸሎት አይበላም፣ ያንቃል። ዓይንህን ጨፍን፣ የዕለቱን ለምን፣ አሜን በል። ከዚያ ይኸው አለሁልህ።»

«ይህማ ቀላል ነው!» ብሎ ጅቦ ተንበረከከ። የጅብ ጉልበት መንበርከክን እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታየ፤ አፍንጫው አፈር ነክቶ መቀመጫው ወደ ሰማይ ቀረ።

«ጌታ ሆይ፣ የዛሬዋን አህያ ስጠኝ» ብሎ አሜን ሊል ሲል ያቺ «ነገስ?» መጣች። «የነገውንም በሬ ስጠኝ። የከነገ ወዲያውንም ወይፈን። ለፋሲካ ደግሞ...»

አህዪት ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ አሜን የለም። «ውሃዬን ቀድቼ ልምጣ?» አለችው።

«ሂጂ፣ ብቻ ተመለሺ!» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሄደች፣ ቀድታም ተመለሰች። ሁልጊዜ የምትመለሰው በዚያው መንገድ ነዋ።

«የት ደረስህ?»

«የኅዳርን ፍየሎች ጨርሼ ታኅሣሥ ገባሁ።»

ጭዷን በላች፣ «ተመስገን» አለች፣ ደግማ ቀዳች። «አሁንስ?»

«ዝም በይ! ለልጅ ልጆቼ አጥንት እየለመንኩ ነው!»

ከንፈሩ ደርቋል፣ ድምፁ ሰልሏል፣ እንባው በአፍንጫው ይወርዳል። «እመት አህዪት» አለ በመጨረሻ፣ «ነገ አላልቅ አለኝ እኮ!»

አህዪት አዘነችለት። ዝም ካለች ትተርፋለች፣ ከተናገረች ትበላለች። ቢሆንም ያንን ለቅሶ እየሰሙ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ነገን ተወው፣ አያ ጅቦ። የዛሬው አምላክ ነገም አለ። እኔ የዛሬን እለምናለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ ውሃዬን እቀዳለሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

«አሜን ካልኩ እኮ እበላሻለሁ!»

«አውቃለሁ፤ እፈራለሁም። ግን በል።»

ጅቦ በረጅሙ ተነፈሰ። «የዛሬን ስጠኝ። አሜን።»

ያቺን «ነገስ?» ጠበቃት፤ ቀረች። አህዪትን ሊነክስ አፉን ቢከፍት የወጣው ማዛጋት ሆነ። መቀመጫውን እንደሰቀለ እዚያው አንኮራፋ። አህዪትም ትንሽ ጭድ ከራሱ ሥር አደረገችለትና «ተመስገን» ብላ ወደ ወንዙ ወረደች።

በማግስቱ የደብሩ ደወል ሲደወል ጅቦ ባንኖ ተነሣ። ሰው ለቅዳሴ ሲመጣ ቢያይ ጭራውን ሸጉጦ ፈረጠጠ። ጆሮ ስትጠብቅ ያደረችው ቀበሮ ከቁጥቋጦ ብቅ አለች።

«ሰላሟስ? ጆሮዋስ?»

«ሁሉም እሷው ጋ ነው። እኔም የራሴን አግኝቼ ነበር። ወይ እንቅልፍ! እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለሽ!» አለና ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። «ግን... ነገ ባላገኘውስ?»

ቀበሮ የገዛ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰላም ከሌላው ጉበት የሚዘረፍ ሳይሆን የዛሬን ለምኖ፣ አሜን ብሎ ወደ ሥራ በመሄድ የሚገኝ፣ ያንኑም በየማለዳው ለሚለማመድ ብቻ የሚጸና መሆኑን ነው።