ጋዙ አለ ወይ?

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው፣ ወጣቱ ጥያቄውን ተናግሮ ሳይጨርስ። ወጣቱ ባለትዳር ከሆነ ገና ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ከገባች ሦስት ቀን ሆኗታል። «ትወጂኛለሽ ወይ ብዬ በየቀኑ መጠየቄ ምኑ ነው ጥፋቱ?» ብሎ ነበር የመጣው።

ሰውየው እዚሁ ድሬዳዋ የሚኖር ነጋዴ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተጠራጣሪ ነበር እንጂ። ሥጋ ሲገዛ ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። ሰላም ያለውን ሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ዞሮ ይመለከታል። ለምን ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እናቱን ግን አጥብቆ ይወድ ነበር። እናቱ ልብ ድካም ይዟቸው ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛቸው አዘዘ። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ። ነጋዴው ኤሲ ገዛና የታወቀ ባለሙያ ጠርቶ አስገጠመ። ባለሙያው ማሽኑን የውጭው ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ በመዳብ ቱቦ ከእናትየው መኝታ ቤት ጋር አገናኘ፣ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚያልፍባቸውን ቫልቮችም ከፈተ። ነጋዴው ግን ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ወሬ ሰምቷል፤ ኤሲ ገጣሚዎች ጋዙን እየቀዱ ለሌላ ይሸጡታል የሚል። ስለዚህ ዓይኑን ከባለሙያው እጅ አልነቀለም። ባለሙያው ይህ ገባውና ሊያሳምነው ብሎ፣ ከቫልቩ ጎን ያለችውን የመፈተሻ አፍ ክዳን ፈትቶ ውስጧ ያለችውን መርፌ አንዴ ነካት። ፍስስ አለች። «ይኸው፣ ጋዙ ሙሉ ነው» አለና ክዳኑን አጥብቆ ሄደ።

ምነው ባላሳየው ኖሮ። በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው ሚስማር ይዞ ወጣ። ክዳኑን ፈትቶ መርፌዋን ሲጫናት ፍስስ አለች። «አለ» ብሎ ደስ ብሎት ገባ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ፣ በአራተኛውም። ፊቱን ሳይታጠብ እሷን ሰምቶ ነው ቀኑን የሚጀምረው።

ወር ሲሞላው ድምፁ የቀነሰ መሰለው። ልቡ በአንድ በኩል ቆሰለ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኮራ፤ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር አለ። ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ ዘበኛውን ጠረጠረ። በመጨረሻ «ቫልቭ መክፈት የሚያውቅ ማን ነው?» ሲል ባለሙያው ላይ ደረሰ። ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ጠዋትም ከሰዓትም ይፈትሽ ጀመር። ግንቦት ሲገባ ማሽኑ ሙቅ አየር ብቻ ይነፋ ነበር። እናቱ አልጋቸው ላይ ራሳቸውን ሳቱ፣ በሰው ሸክም ሐኪም ቤት ገቡ። ነጋዴው በንዴት ገበያ መሐል ሄዶ ባለሙያውን በሰው ፊት ሌባ አለው። ባለሙያው ማለ፤ የሚያምነው ግን አላገኘም።

እናቱ ተሽሏቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ሌላ ባለሙያ ተጠራች፤ በዚህ ሥራ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ነጋዴው ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና እሷንም ይጠብቅ ጀመር። ሴትዮዋ ጥቂት ጋዝ ጨመረች፣ ሳሙና በውሃ በጥብጣ በየመጋጠሚያው ቀባች። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ያወጣልና። የመጀመሪያው ባለሙያ ያጠበቃቸው መጋጠሚያዎች ላይ አንድም አረፋ አልታየም። የመፈተሻዋ አፍ ግን አረፋውን እየነፋች ታወጣው ጀመር። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ብታይ መርፌዋ ተጣማለች፣ ዙሪያዋም ተፍቋል።

«ይህችን ማነው የሚነካካት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ነጋዴው። «እንዳይሰረቅ ብዬ ነው።»

«ፍስስ ባለች ቁጥር የሚወጣው ራሱ ጋዙ ነው» አለች ሴትዮዋ ሳትስቅ። መርፌዋን ቀየረች፣ ጋዙን ሞላች፣ ክዳኑን በመፍቻ አጠበቀች። ነጋዴው ተጨነቀ፤ ከእንግዲህ ጋዙ መኖሩን በምን እንደሚያውቅ ጠየቃት።

«እናትዎን ይጠይቋቸው» አለችው። «ነጠላ ደርብልኝ ካሉዎት ጋዙ አለ።»

ያን ጊዜ ነጋዴው አንገቱን ደፋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቱ በርዷቸው ነጠላ አቀብለኝ እያሉ ይጠሩት ነበር። እሱ ደግሞ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ አንዴ ዝም በይ፣ ጋዙን እየሰማሁ ነው» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ባለሙያ ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየው ይቅር አለው፤ ቤቱ ግን ዳግመኛ አልመጣም።

ሽማግሌው ይህን ብለው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ነጋዴው አንተ ነህ። ሚስትህን በየጠዋቱ ትወጂኛለሽ ወይ ስትላትና እወድሃለሁ ስትልህ ደስ ይልሃል፤ ያ መልስ ግን ከዚያው ከፍቅሯ ተቀንሶ የሚወጣ ነው። መልሱ ሲያንስብህ ደግሞ ማን ወሰደብኝ ብለህ ሰው ትፈልጋለህ። ወባ ጥሎህ በነበረ ጊዜ ስንት ቀን አስታመመችህ?»

«ዘጠኝ ቀን» አለ ወጣቱ።

«ያኔስ ጠይቀሃታል?»

ወጣቱ አቀርቅሮ «ያኔም ጠይቄያታለሁ» አለ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ቆሙ። «በል ተነሥ፣ አብረን ሄደን እናምጣት። መንገድ ላይ ምንም እንዳትጠይቃት።»